አሮጌው ይጠብቃል

የእኛ መኪና ማርሽ የሚያስገባላት አትፈልግም፤ ራሷ ናት ለራሷ የምታስገባው። ሰፈሩ በዚህ ይስቅባታል። ከበራችን ፊት ለፊት ጎማ ሲለጥፉ ያረጁት ጋሽ ጎማ «ግራ እግርን ሥራ ያስፈታች መኪና» ይሏታል። አከራያችን እትዬ ደግሞ ስም እንኳን አይሰጧትም፤ «ያ ነገር» ነው የሚሏት። «ያ ነገር ከግቢዬ የሚወጣው መቼ ነው?» ይላሉ፤ ግቢውን ሲሚንቶ ካስደረጉ ወዲህ ደግሞ በቀን ሁለቴ።

እኔ አሮጊቷ እላታለሁ። ስድብ እንዳይመስላችሁ። በቤታችን የሚወደድ ነገር ሁሉ የሚጠራው በስድብ ነው። እኔ ራሴ ፌንጣ ነኝ። ስሙን ያወጣልኝ አባቴ ነው፣ ከአንዱ ወሬ ወደ ሌላው ስለምዘል።

አባዬ በአሮጊቷ ሰው እያመላለሰ ነበር የምንኖረው። ባለፈው ዓመት መንሸራተት አመጣች። ነዳጅ ሲረግጥላት ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ግን «ቆይ እስቲ ላስብበት» ብላ ትቆማለች። አንድ ቀን ምጥ የያዛት ሴት ጭና ዳገት መሀል ማሰብ ጀመረች። ሴትየዋ በሰላም ደርሳለች፣ ተገፍታ። አባዬ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሰው አልጫነባትም። የካምቢዮ ዘይት፣ ማጣሪያና ጓርኒሲዮን አምጥቶ አልጋ ሥር አስቀመጠ፤ ከዚያ ተስፋ ቆረጠ መሰለኝ፣ ሳይነካቸው ሩቅ ቦታ መንገድ ለሚሠራ ድርጅት የውሃ ቦቴ ሊነዳ ሄደ። የፈረመው ለስድስት ወር ነበር።

ቤት የቀረሁት እኔ ነኝ። እናቴ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው የሞተችው፤ የዚያን ዓመት ግማሹን ተማርኩ፣ ግማሹ ቀረ። ብዙ ነገር እስከ ግማሹ ብቻ የማውቀው ለዚህ ነው።

ከሥራ ሁሉ የሚከብደው ለአንድ ሰው ማብሰል ነው። ሐሙስ የሠራሁትን እሁድም እበላዋለሁ። ቀን ቀን ሬዲዮ እከፍትና ዜና አንባቢው «ጤና ይስጥልን» ሲል «አብሮ ይስጥልን፣ እንዴት ከረሙ?» እለዋለሁ። አንድም ቀን መልሶልኝ አያውቅም። ኩሩ ሰው ነው። እሱ ሲሰለቸኝ አሮጊቷ ውስጥ ገብቼ አባዬ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ወንበሩ በእሱ ልክ ጎድጉዷል፤ እኔ ስቀመጥበት ዙሪያዬን ቦታ ይተርፋል።

አባዬ የሚደውለው እሁድ እሁድ ነው። እነሱ ያሉበት ቦታ ስልክ የሚይዘው ኮረብታ ላይ ሲወጣ ብቻ ስለሆነ እያለከለከ ወጥቶ ይደውላል።

«ፌንጣ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«በላሽ?»

«በላሁ።»

ከዚያ በኋላ የማወራው ከንፋሱ ጋር ነው። አባዬ ቃል አያባክንም። አንድ እሁድ ግን ሳይጠየቅ ጨመረ።

«ሌላ አንድ ዓመት ፈርም እያሉኝ ነው» አለ።

«እና?»

«እናማ፣ አሮጊቷ እንደሆነች ቆማለች። መጥቼ ምን እነዳለሁ?»

«ብትነሳስ?»

«ብትነሳማ ምን አስፈርሞኝ። እመጣ ነበር።»

«መቼ ነው የሚፈረመው?»

«ከሚመጣው እሁድ ቀጥሎ ካለው እሁድ ማግስት፣ ሰኞ።»

«ዘይቱን እኔ እቀይረዋለሁ።»

ሳቀ። ስድስት ወር ሙሉ ያልሳቀውን ሰው አሳቅሁት፤ ግን ቀልዴን አልነበረም። እሱም ኋላ ሲያስበው ቀልድ እንዳልሆነ ገባው መሰለኝ፣ ቅዳሜ አንድ ሹፌር ጓደኛው በራችን ላይ ጥሩምባ ነፍቶ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ዘጠኝ መስመር።

አባዬ ጽፎልኝ አያውቅም። ወረቀቱን ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ አነበብኩት፣ ከዚያ እየበላሁ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦

«መኪናዋን አሙቂና አጥፊያት።
በክሪክ ብቻ ተማምነሽ ከሥር እንዳትገቢ፤ ጋሽ ጎማ የብረት መደገፊያ አላቸው።
ከሥር ያለውን ብሎን ፍቺ፤ ዘይቱ ይውረድ። የወጣውን ለኪ።
ሳህኑን ፍቺ። አሥራ አራት ብሎን ነው።
አሮጌው ጓርኒሲዮን ይጠብቃል። ቀስ በይ።
ማጣሪያውን ቀይሪ። አዲሱን ጓርኒሲዮን አድርጊ።
ብሎኖቹን በመስቀለኛ እሰሪ፤ አትታገያቸው።
የወጣውን ያህል ጨምሪ።
ራስሽን ጠብቂ። አባትሽ።»

ሳህን የሚለው የምግቡን አይደለም፤ ከካምቢዮው፣ ማለት ከማርሹ ሳጥን ሥር ዘይቱን የሚይዘውን የቆርቆሮ ክዳን ነው። ጓርኒሲዮን ደግሞ በሳህኑና በካምቢዮው ሆድ መሀል የምትገባ ስስ ክፈፍ ናት፤ ዘይት እንዳያመልጥ የምትዘጋው እሷ ናት። ይህን አውቃለሁ፤ አባዬ ሲሠራ ቁልፍ ሳቀብለው ነው ያደግሁት።

ማክሰኞ ጋሽ ጎማ አራቱን መደገፊያ እየጎተቱ አመጡና አሮጊቷን ሰቀልናት። ሁለቴ ወዘወዟት። «በክሪክ ብቻ የሚገባ ሰው ተናዝዞ ይግባ» አሉና ወደ ጎማቸው ተመለሱ። የተሰለፈ ሰው ነበራቸው።

ዘይቱ ቀይ መሆን ሲገባው ጥቀርሻ የታጠበበት ውሃ መስሎ ወረደ። በእትዬ ሳፋ ተቀበልኩት፤ እሳቸው ገበያ ናቸው። ሳህኑን ስፈታ አሮጌው ጓርኒሲዮን አብሮ አልመጣም፤ ጠቁሮ፣ እላይ ብረቱ ላይ ልጥፍ ብሎ ቀረ። በጣቴ ነካሁት፣ ንቅንቅ አላለም። ወረቀቱን አየሁ። አሮጌው ይጠብቃል። ቀስ በይ። ገባኝ፤ ዘበኛው በሥራ ላይ ነው፣ አትረብሺው ማለቱ ነው። ከታች ደግሞ «ራስሽን ጠብቂ» ይላል፣ ያው ቃል ነው። አባዬ ሁሉንም ነገር የሚያስጠብቅ ሰው ነው ብዬ አሰብኩና አንጀቴን በላው። አዲሱን ጓርኒሲዮን ከሳህኑ ጋር አድርጌ ከሥሩ ገጠምኩት፣ ብሎኖቹን አሰርኩ፣ የላስቲክ ጠርሙስ አንገት ቆርጬ በእሱ አዲሱን ዘይት አንቆረቆርኩ።

ከጋሽ ጎማ ጋር ሆነን መኪናዋን አወረድናትና አስነሳኋት። ማርሹን ወደ ኋላ አልኩት፤ ሳታስብ ሄደች! ወደ ፊት አልኩት፤ ሄደች! ግቢው የሚፈቅደው ሦስት ሜትር ያህል ነው፤ ሦስቱን ሜትር ሃያ ጊዜ ሄድኩት። ከዚያ ወርጄ የምነግረው ሰው ፈለግሁ። ጋሽ ጎማ ተመልሰው መንገድ ማዶ ጎማ ውስጥ አቀርቅረዋል፣ እትዬ አልመጡም። ገብቼ ሬዲዮውን ከፈትኩና ለዜና አንባቢው ነገርኩት። ስለ ዝናብ ማውራቱን ቀጠለ።

ረቡዕ ጠዋት የቀሰቀሰኝ የእትዬ ጩኸት ነው።

«አንቺ ልጅ! ያ ነገር ደማ እኮ!»

በባዶ እግሬ ወጣሁ። ከአሮጊቷ ሆድ ሥር፣ አዲሱ ሲሚንቶ ላይ፣ ሦስት ቀያይ ጠብታ።

«ደም አይደለም እትዬ፣ ዘይት ነው።»

«ዘይት ቀይ ሆኖ ያውቃል?»

«የእሷ ቀይ ነው። ስታፍር ነው።»

«እንግዲያው እፍረቷን ከሲሚንቶዬ ላይ ጥረጊልኝ። ሳፋዬንስ ማነው እንዲህ ያደረገው?»

ስለ ሳፋው አላየሁም አልሰማሁም አልኩ። እጄ ግን እስከ ክርኔ ጥቁር ነበር።

ቢያንስ አራት ቀን አለኝ አልኩ፤ እሁድ አባዬ ይደውላል፣ ሰኞ ይፈርማል ወይ ይተዋል። ዘይት የምታፈስ መኪና ይዞ ሰው ሊጭን አይመጣም። ዘይቷ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ማሰብ ትጀምራለች። ስለዚህ ነገሩ አጭር ነው፤ ጠብታዋ ከቆመች አባዬ ይመጣል፣ ካልቆመች ሌላ ዓመት ከንፋስ ጋር ሳወራ ልከርም ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዘይቱ የወረደበትን ብሎን ነው። ጠርጌ አደረቅሁት፣ በቁልፍ ሞከርኩት፤ ጥብቅ ነው። ከሥሩ ካርቶን አነጠፍኩና ጠበቅሁ። ከሰዓት በኋላ ካርቶኑ ላይ ሁለት ጠብታ።

ጋሽ ጎማ እጃቸውን እየጠረጉ መጡ። «ስንት አጠጣሻት?»

«የወጣውን ያህል።»

«የወጣውን በምን ለካሽው?»

«በእትዬ ጆግ።»

«እሳቸው ያውቃሉ?»

«እርስዎ ካልነገሯቸው አያውቁም።»

ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። «ብቻ ከልክ በላይ የጠጣ በየት በየቱም ይተፋል። ልኳን እዪ።»

ይሄ እውነት ነው። ግን ልኩ ሞተሩ ጠፍቶ አይታይም፤ ይህን ከአባዬ አውቃለሁ። አስነሳኋትና እስክትሞቅ ተቀመጥኩ፣ ማርሹን በየቦታው እያሳረፍኩ አዞርኩት፣ ወደ ማቆሚያው መለስኩት፣ ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መለኪያዋን ሽቦ መዝዤ ጠርጌ መልሼ አየሁ። በሁለቱ ጭረት መሀል፣ ልክክ ያለ። አልጠገበችም፣ አልራባትም። ወደ ፊት ወደ ማቀዝቀዣው የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች ዳበስኩ፤ ደረቅ ናቸው።

«እንግዲህ እኔ ከዚህ በላይ አላውቅም» አሉ ጋሽ ጎማ። «የእኔ ሙያ አየር ነው። አየር ቢፈስ እትዬ አይጮኹብኝም።»

ሐሙስ ሱቃቸው ደፍ ላይ ተቀምጬ ሥራቸውን አያለሁ። ወሬ ፍለጋ ነው እንጂ ጉዳይ የለኝም። ከጎማው ውስጥ የሚወጣውን ከመነዳሪ ነፍተው ውሃ ውስጥ እያዞሩ ይነክሩታል፤ ቀዳዳው ካለበት አረፋ ቡልቅ ይላል።

«እዪ» አሉኝ፣ «ሰው አየሩ ሽው ሲል በሰማበት በኩል ነው ቀዳዳውን የሚፈልገው። ጆሮ ያታልላል። ውሃው ግን አይዋሽም።»

ዘለልኩ። ፌንጣ አይደለሁ። ዘይትስ? ዘይት የሚንጠባጠበው ከበታቹ ከዝቅተኛው ቦታ ነው፤ የሚወጣው ግን ከዚያ ላይሆን ይችላል፣ ከላይ ወጥቶ ተንሸራቶ ሊመጣ ይችላል። ዘይት አረፋ ስለማይሠራ ሌላ ምስክር ያስፈልገዋል። ሮጥኩ እትዬ ዘንድ።

«እትዬ፣ አንገትዎ ላይ የሚነሰንሱትን ፓውደር ያበድሩኝ።»

«ለምንሽ?»

«አሮጊቷን ላሳምራት ነው።»

ምን እንደነካቸው አላውቅም፣ ሰጡኝ። እንደገና ሰቀልናት፣ የሳህኑን ዙሪያ በጨርቅ አደረቅሁና ፓውደሩን በተንኩበት። የአሮጊቷ ሆድ ነጭ ሆነ፣ ግቢው የሕፃን ጠረን ሸተተ። ሞተሩን ለሩብ ሰዓት አስነስቼ አጠፋሁና በባትሪ አየሁ። ሁሉም ነጭ ነው፤ የፊተኛው ጠርዝ ላይ ብቻ፣ በሁለት ብሎኖች መሀል፣ ቀይ መስመር ነጩን ሰንጥቆ ወርዷል።

ያዝኩሽ! አልኩ ጮክ ብዬ። ቁልፌን አነሳሁና ሁለቱን ብሎኖች ባለ በሌለ ኃይሌ ጠመዘዝኳቸው። አባዬ አትታገያቸው ብሏል። እኔ ታገልኩ። ጎረቤታቸውን ሳልነካ ብቀር ቅር ይለዋል ብዬ አሥራ አራቱንም ታገልኩ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ዓርብ ጠዋት ካርቶኑ ላይ ጠብታ የለም፤ ኩሬ ነው ያለው። ባጠበቅሁት ቁጥር ባሰባት። እትዬ መስኮታቸውን ከፍተው አዩ፣ መልሰው ዘጉት። አሮጊቷ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

እዚያ ተቀምጬ አንድ ነገር አሰብኩ። ብዋሽስ? እሁድ «ደርቃለች» ብዬ ብነግረው ከኮረብታ ላይ አያያትም። አይፈርምም፣ ይመጣል። ከመጣ በኋላ ዘይቷን ቢያይ ይቆጣል፣ ቢቆጣ ደግሞ ምን አለበት? ቢያንስ እዚህ ሆኖ ይቆጣል። ተለማመድኩት። «ደርቃለች አባዬ።» ለመስተዋቱ ነገርኩት፤ ደህና ነው፣ ያምራል። ከዚያ ሥራውን ለቆ መጥቶ፣ ግቢው ውስጥ ቆሞ፣ ኩሬውን ሲያይ ፊቱ የሚሆነውን አሰብኩና ሁለተኛ አልተለማመድኩትም።

የመኪናዋ መስኮት ተንኳኳ። ጋሽ ጎማ ናቸው።

«ወረቀቱ የታለ?»

«የቱ ወረቀት?»

«አባትሽ የላከው ነዋ። ኪስሽን እየዳበስሽ ስትሄጂ ሰፈሩ ሁሉ ያያል።»

መስጠት አልፈለግሁም። ለእኔ ብቻ የተጻፈ ነው፤ ሌላ ሰው ካነበበው የሚያልቅብኝ መሰለኝ። ግን ነገ ቅዳሜ ነው። ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አስቀመጡና እንደ ጀማሪ ተማሪ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። «መኪናዋን… አሙቂና… አጥፊያት።» የአባዬን ቃል በሰው ድምፅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጆሮዬ ቆመ። «አሮጌው… ጓርኒሲዮን… ይጠብቃል። ቀስ በይ።»

«ምን አሉ?»

«ይጠብቃል።»

«ይጠብቃል ነው እንጂ!»

«እኔስ ምን አልኩ? ይጠብቃል።»

አሁን እናንተ ሁለታችንም አንድ ነገር ያልን ይመስላችኋል። ወረቀት ላይ አንድ ነው፤ እኔንም ያጠፋኝ ይኸው ነው። እሳቸው «ብ»ን አላልተው ነው ያሉት፣ ብሎን ይጠብቃል እንደሚባለው። እኔ ደግሞ ስድስት ቀን ሙሉ «ብ»ን ረግጬ፣ ዘበኛ በር ይጠብቃል እንደሚባለው ሳነብ ከርሜአለሁ። አምስተኛ ክፍል የቋንቋ መምህራችን አንድ ፊደል ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉም ይለውጣል ብለው ሰሌዳ ሙሉ ጽፈውልን ነበር። እኔ የዚያን ቀን ከጎኔ ካለችው ጋር ወሬ ላይ ነበርኩ። እስቲ ይኼ ቋንቋ ነው? ፊደሉን ስታላሉት ነገሩ ይጠብቃል፣ ፊደሉን ስታጠብቁት ሰውየው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

«አሮጌው ሙጭጭ ይላል፣ አይላቀቅም ማለቱ ነው» አሉ ጋሽ ጎማ። «ስታነሺው ብረቱን እንዳትጭሪ ነው ቀስ በይ ያለሽ። ምን አደረግሽው አንቺ?»

«በቦታው ተውኩት።»

«ከሥሩስ?»

«አዲሱን አደረግሁ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። አዩኝ። «ሁለት ዘበኛ፣ አንድ በር ላይ!» አሉና በአሮጊቷ በር ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ሁለቱ ሲጨዋወቱ ሌባው በመሀላቸው ሹልክ!»

እኔም ሳቅሁ። መሀል ላይ ሳቁ ተበላሽቶ ወደ ሌላ ነገር ሄደ፤ ፊቴን በእጅጌዬ ጠረግሁ፣ እሳቸውም የጎማውን ንፋስ የሚያዩ መስለው ዞር አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ? የእኔ አነባበብ ይሻል ነበር።

ቅዳሜ እንደገና ሁሉንም ከመጀመሪያው። ዘይቱ ገና አዲስ ነውና መጣል ያሳዝናል፤ ሳፋውን በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ ተቀበልኩትና የሚያጣራ ነገር ፈለግሁ።

«እትዬ፣ ናይለን ካልሲ አለዎት? ስስ የሆነች?»

«ዛሬ ደግሞ ልታለብሻት ነው?»

«ነገ አባዬ ስለሚደውል።»

ገብተው ከነማሸጊያው አዲስ ካልሲ አመጡ። «ሳፋውን አውቄአለሁ» አሉ ሲሰጡኝ። «ጆጉንም።»

ሳህኑ ሲወርድ ሁለቱ ጓርኒሲዮኖች ተነባብረው ታዩኝ። ከላይ አሮጌው እንደ ድንጋይ ደርቋል፣ አዲሱ ከሥሩ ሲጨፈለቅ ወደ ውጭ ተገፍቶ አንድ ጥግ ላይ ምላሱን አውጥቷል። ብሎን ባጠበቅሁ ቁጥር የባሰው ለዚህ ነው፤ ይበልጥ ነበር የማንሸራትተው። አሮጌውን በዘይት እያራስኩ፣ በስድስተኛ ክፍል መታወቂያዬ ላስቲክ ጠርዝ ቀስ እያልኩ ላጥኩት፤ ብረት ካምቢዮውን ይጭረዋል። መታወቂያው ላይ ያለችው ልጅ ጥቁር በጥቁር ሆነች። ሁለት ሰዓት ፈጀ። አንዷን ቅርፊት እንዳላስቀር አውራ ጣቴን ዙሪያውን እያሳለፍኩ እፈትሽ ነበር፤ ብረቱ እንደ ምግብ ሳህን እስኪለሰልስ። የሳህኑ ጠርዝ በእኔ ትግል ጎበጥ ብሎ ነበርና ጋሽ ጎማ ጣውላ ላይ አስተኝተው በትንሽ መዶሻ ቀጥ አደረጉት። አዲሱ ጓርኒሲዮን እንደ እድል አልተቀደደም። ብሎኖቹን በመስቀለኛ፣ አንዱን ከዚህ አንዱን ከማዶ፣ በሁለት ጣት ብቻ ቁልፉን ይዤ አሰርኩ። አልታገልኩም። ዘይቱን በካልሲ አጣርቼ መለስኩ፣ ሞተሩን አሙቄ ልኩን አየሁ፣ ፓውደሬን ነሰነስኩ፣ አዲስ ካርቶን አነጠፍኩ።

እሁድ ጠዋት ካርቶኑን ለማየት ፈራሁ። መጀመሪያ ፊቴን ታጠብኩ፣ አልጋዬን አነጠፍኩ፣ ከዚያ ሌላ የምሠራው ሲጠፋ ወጣሁ። ካርቶኑ ካርቶን ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

አባዬ ከቀትር በኋላ ደወለ።

«ፌንጣ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«በላሽ?»

«አባዬ፣ አሮጊቷ ሄዳለች! ከዚያ አፈሰሰች፣ ከዚያ ደረቀች!» ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፣ ስለ ሁለቱ ዘበኞች ሳይቀር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «አውልቂው ብዬ አንድ ቃል ብጨምር ምን ነበረበት።»

«አንተ ቃል መጨመር ይከብድሃል።»

«ይከብደኛል» አለ። እንዲህ ብሎ አምኖ አያውቅም። «ካርቶኑን ሄደሽ ደግመሽ እዪው።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ሄጄ ተንበረከክሁ። «ደረቅ ነው። እጄን አሳርፌበታለሁ።»

«በደንብ አሳርፊ።»

«አሳርፌአለሁ።»

«እንግዲያው…» አለ፤ ከዚያ ስልኩ ተቆረጠ። ኮረብታው ላይ እንዲህ ነው። እጄን ካርቶኑ ላይ እንዳደረግሁ ብዙ ቆየሁ፤ ሰኞም ሳይደውል መሸ። ማክሰኞ ያ ሹፌር ጓደኛው ጥሩምባ ነፋ። በቃል ነው ያመጣው፤ «አልፈረመም። ቦቴውን አስረክቦ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይመጣል» አለኝና ሞተሩን ሳያጠፋ ሄደ።

ሦስቱን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩ አልነግራችሁም። ሬዲዮው ያውቃል።

የመጣ ቀን የራሱን በር እንደ እንግዳ አንኳኳ። አንድ ሻንጣ ይዟል፤ ፀሐይ አጥቁሮታል፣ ጢሙ ላይ ነጭ በቅሏል።

«ረዘምሽ» አለኝ።

«አንተ አጠርክ።»

ተሳሳምን፤ ከዚያ የምናደርገው ጠፋን። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ እኔ በርጩማው ላይ። ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ። ስድስት ወር ብቻዬን ያወራሁበት ክፍል ነው፤ እሱ ሲገባበት አፌ ደረቀ። የማላውቀው ሰው ቤቴ የመጣ መሰለኝ፤ እሱም የሰው ቤት የገባ መስሎ ጉልበቱን ገጥሞ ተቀምጧል።

«እስቲ ልያት» ብሎ ተነሳ።

መደገፊያዎቹን አስተካከልን፣ ባትሪውን ይዞ በጀርባው ከአሮጊቷ ሥር ገባ። ከጉልበቱ በታች ብቻ ውጭ ቀረ። እኔ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ በእግሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፊቱ ሲጠፋ አፌ ተፈታ።

ስለ ምጥ የያዛት ሴትዮ ነገርኩት፣ ልጁን ይዛ በሰፈራችን ስታልፍ እንዳየኋት። ስለ እትዬ ካልሲ ነገርኩት። ትኩሳት ይዞኝ አራት ቀን ተኝቼ እሁድ ሲደውል «ደህና ነኝ» እንዳልኩት ነገርኩት። ለዜና አንባቢ ሰላምታ እንደምመልስ፣ ልዋሸው እንደነበር፣ በመስተዋቱ እንደተለማመድኩ፣ ሁሉንም።

«እህ» ይላል ከሥር። ትንሽ ቆይቶ፣ «እህ።»

ሳህኑን ለማየት ይህን ያህል ጊዜ አይፈጅም። ቁልፍ አቀብዪኝ አላለም፣ ብረት ሲነካም አልሰማሁም። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ባትሪውን አጥፍቶታል። በጨለማው ውስጥ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተኝቷል። ቀና ብዬ ጎማዬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ከዚያስ?» አለ።